በአራት ጓሮ ወደ ወንጪ ሐይቅ

በዚህ ጉዞ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛ፣ መንገዱን የመሩን ኦቦ ዲንቃ፤ ከወንጪ ገደል ጫፍ ላይ ገብስና ድንች የሚያርሱ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ገበሬ ናቸው። ሁለተኛ፣ እትዬ ብርቄ፤ አምቦ ውስጥ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ፣ እኔንም እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው መምህርት። ሦስተኛ፣ ቦንቱ፤ የጤና ጣቢያ ነርስ። አራተኛ፣ ተሾመ፤ የመንገዱን መፈተሻ ቅጽ ይዞ የመጣው ጸሐፊ። አምስተኛው እኔ ደረጄ ነኝ። አምቦ ገበያ አጠገብ ሰዓት እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የቆሙ ሰዓቶችን እየፈታሁ ነው የለመድኩት።

የተጠራሁት ሰዓት እንድይዝ ነው። ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። ጎብኚ ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚወርደው በመኪናው መንገድ በኩል ነው። አስጎብኚውም፣ ፈረስ አከራዩም፣ ጀልባ ቀዛፊውም ተራ የሚይዘው እዚያ ነው። የኦቦ ዲንቃ መንደር ከጫካው ወዲህ ስለሆነ ተራ ውስጥ የለበትም። እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ሁለት በጋ ሙሉ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ከገደሉ ጫፍ በጫካው አድርጎ ሐይቁ ዳር የሚያደርስ የእግር መንገድ አወጡ። የወረዳው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገዱን ለመቀበል አንድ ነገር ጠየቀ፤ የአካባቢው ተወላጅ ያልሆኑ ሰዎች በአራት ሰዓት ውስጥ ይውረዱት። ከዚያ በላይ ከፈጀ ከአምቦ የመጣ ሰው በዕለቱ መመለስ ስለማይችል መንገዱ አይፈቀድም፣ መንደሩም ተራ አያገኝም።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሐሙስ

የተቀጣጠርነው ለአራት ሰዓት ነበር። ከአምቦ የተነሣነው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድንች ሊጭን ባዶውን የሚወጣ አይሱዙ አገኘን። እትዬ ብርቄ ጋቢና ገቡ፤ እኛ ሦስታችን ከኋላ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ሾፌሩ፣ «አሁን ያንገጫግጫችኋል፤ ስትመለሱ ግን ድንች ላይ ስለምትቀመጡ ይለሰልሳል» አለን። ስንመለስ እንዳየሁት ድንች ከጆንያ አይለሰልስም።

አስፋልቱን ለቀን ሽቅብ ስንጀምር አምቦ ወደ ኋላ ቀረ። ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚታየው እኛም ዘንድ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ጤፉ አልቆ ገብስ ይመጣል፤ ከገብሱ በኋላ ቤቶቹ በእንሰት ይከበባሉ። አምቦ ላይ በሸሚዝ የነበርን ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ጆንያውን ትከሻችን ላይ ደረብን።

ግማሽ መንገድ ላይ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ክሪክ ነበር፤ የክሪኩ እጀታ አልነበረም። አንድ ገበሬ ከማሳው ድጅኖ ይዞ መጥቶ በእጀታው ፈንታ አስገባልን። ጎማው እስኪቀየር አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ሄደ። ገበሬው ድጅኖውን ሲቀበል ቤት ካልገባችሁ አለን፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ደጋግሞ ነፍቶ ነው ያላቀቀን።

ኦቦ ዲንቃ ቤት ከቀኑ አስር ሰዓት ከአርባ ላይ ደረስን። ቤቱ ከገደሉ ጫፍ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። እስኪመሽ ድረስ ጫፉ ላይ ቆመን ሐይቁን አየን። አምቦ ተራራ የምናየው ቀና ብለን ነው፤ እዚህ ውሃውን የሚያዩት ጎንበስ ብለው ነው። ሞባይልም የሚሠራው እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከእኛ ሌላ ለሐይቁ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚደውሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ራት የተቀቀለ ድንች ከሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ጋር፣ ከዚያም ወተት ቀረበ። ያቀረበችልን የኦቦ ዲንቃ ልጅ ጫልቱ ናት። አስረኛ ክፍል ጨርሳለች። አስጎብኚ ለመሆን ብላ የጫካውን ዛፍና ወፍ ስም በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሁለት ደብተር ሙሉ ጽፋለች። እትዬ ብርቄ ደብተሩን ተቀብለው እንደ ፈተና ወረቀት ገለጡትና አንድ ስሕተት ብቻ አገኙ።

«መንገዱ ቢፈቀድ አንቺ ነሽ የምትመሪው?» አሏት።

«አዎ ቲቸር። ካልተፈቀደ ዓረብ አገር ነኝ።»

ኦቦ ዲንቃ ይህን ሲሰሙ ወደ እሳቱ ዞሩ። ሁለት ታላላቆቿ ከቤት ከወጡ እንዳልተመለሱ ባለቤታቸው በኋላ ነገሩን።

ቦንቱ በሥራዋ ምክንያት የምታስበው ሌላ ነገር ነበር። «ኦቦ ዲንቃ፣ መንገዱ በሰው ጓሮ ነው የሚያልፈው ብለዋል። ውሻ የለም?»

«አለ እንጂ። ግን ለአራቱም ቤት ልኬባቸዋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ነገ እንግዶች ያልፋሉ፣ ውሻ እሰሩ ብዬ።»

ቦንቱ ረካች። እኛም ረክተን ተኛን። ጋቢ ሁለት ሁለት ተሰጠን፤ ለተሾመ ሦስት። ቆላ ተወልጃለሁ ብሎ ነው ያገኘው። የተወለደው እዚያው አምቦ አጠገብ ጉደር መሆኑን እትዬ ብርቄ ያውቃሉ፤ ግን ዝም አሉለት።

ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ

ከገደሉ ጫፍ የተነሣነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቴን ማታ በሬዲዮ አስተካክዬዋለሁ። ተሾመ፣ «በሞባይሌ ብንይዘው ምን ይሆናል?» አለ። ባትሪው አልቆበት ነበር።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። አስታው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ጤዛው እስከ ወገባችን አረጠበን። ከዚያ ጥድና ኮሶ ያለበት ጫካ ይጀምራል። የእኛ ባሕር ዛፍ ሥሩ ባዶ ነው፤ እዚህ ግን ሽበት የመሰለ ሐረግ ከዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቅጠላ ቅጠሉም ከሥሩ በቅሎ መሬቱ አይታይም። በየጥዱ ላይ የንብ ቀፎ አለ። ኦቦ ዲንቃ የሚናገሩት ጥቂት ነው። መንገዱ ሲታጠፍ ይቆማሉ፣ በዱላቸው ያመለክታሉ፣ እኛም እናያለን፤ ባመለከቱ ቁጥር ሐይቁ በዛፎቹ መካከል ይገለጣል። አንደኛው መታጠፊያ ላይ ደሴቱ ታየን፣ ሁለተኛው ላይ ጀልባ። በአራተኛው መታጠፊያ ላይ የሐይቁ ዳር ድንጋዮች እንኳ ተለይተው ይታዩ ነበር። እትዬ ብርቄ፣ «አርባ ዓመት በሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ፤ እንዲህ ጠባብ ዳር ያለው አይመስለኝም ነበር» አሉ።

ሁለት ሰዓት ከአስራ አምስት ላይ ጫካው አልቆ የመጀመሪያው አጥር ጋ ደረስን። የአዴ ለሊሴ ቤት ነው። ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ መንገዱ እንዲያልፍ አጥራቸውን በሁለት ክንድ ከፍተው ሰጥተዋል። ውሻው በገመድ ታስሯል። አዴ ለሊሴ ግን ክፍተቱ ላይ ቆመው ይጠብቁናል።

«አካም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ። ኮታ፣ ግቡ።»

ገባን። ድንች፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ቆሎ፤ ዓርብ ስለሆነ ሁሉም የጾም ነው። እኔም ቁርስ ስላልበላሁ ደስ ብሎኝ በላሁ። የወጣነው ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ ሃምሳ ደቂቃ። አዴ ለሊሴ እስከ ማሳቸው ድንበር ሸኙን፤ ለእትዬ ብርቄም ለመንገድ ብለው አንድ ፌስታል ቆሎ ሰጧቸው።

ከድንበሩ ትንሽ ወረድ ብለን ተሾመ ቆመ።

«ኦቦ ዲንቃ፣ ለስንት ቤት ነው የላኩት?»

«ለአራት።»

«አራቱም እንደዚህ ነው የሚጠብቁን?»

ኦቦ ዲንቃ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ ውሻ እሰሩ ነው ያልኩት።»

«እንግዳ ይመጣል ብለውስ አልላኩም?» አሉ እትዬ ብርቄ። «ታዲያ ምን ይሥሩ? ውሻውን አስረው ቁጭ ይበሉ?»

«ለራሴ እንዲህ ቢላክብኝ እኔም አበስል ነበር» አሉ ኦቦ ዲንቃ። «አሁን ነው የገባኝ።»

ቦንቱ ይቅርታ ጠይቀን እንለፍ አለች። ኦቦ ዲንቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሊሴ ቤት በልታችሁ እኛ ቤት ካልበላችሁ ይላሉ፤ መንገዱም የእኔ አይደለም፣ ጓሮው የእነሱ ነው፤ አጥሩን በፈቃዳቸው ከፍተው በፈቃዳቸው ይዘጉታል አሉ። ስለዚህ ምርጫችን እንዲህ ሆነ። ካልበላን መንገዱ በአጥር ይዘጋል፤ ከበላን በሰዓት ይወድቃል። ተሾመ፣ «ቶሎ ቶሎ እንብላ» አለ። የተሻለ ሐሳብ ያመጣ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ቤት የኦቦ ቱፋ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ በደንብ አይሰሙም። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደረስን። ምግቡ ቆጮና ጎመን ነበር፤ ቶሎ ቶሎ በልተን ጨረስነው። ከዚያ ኦቦ ቱፋ ሊመርቁን ተነሡ። እኛም ተነሣን። አንድ በአንድ መረቁን። ለእያንዳንዳችን መጀመሪያ የአባታችንን ስም ይጠይቃሉ፣ ሳይሰሙ ይቀራሉ፣ ቦንቱ ጆሯቸው ላይ ጮክ ብላ ትደግመዋለች፣ ከዚያ ይመርቃሉ። እኔን ሲመርቁ እጄን ይዘው ስለነበር ሰዓቴን ማየት አልቻልኩም፤ እትዬ ብርቄ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ያዩ ነበር። የወጣነው አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው።

ቁልቁል ስንወርድ ኦቦ ዲንቃ እርምጃቸውን አፈጠኑ። እትዬ ብርቄ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «ዲንቃ፣ በሆዴ ውስጥ የሁለት ቤት ድንችና ቆጮ ይዣለሁ፤ በልክ አስኪደኝ» አሏቸው። ያን ጊዜ ኦቦ ዲንቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚህ ቤት በታች ዛፉ ሳስቶ ሐይቁ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ መንገዱ ከገደሉ ወገብ ላይ ሆኖ የውሃውን ዳር ተከትሎ ይሄዳል። ከሁሉም የወደድኩት ስፍራ ይህ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ሄድንበት።

ሦስተኛው ቤት አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው የደረስነው። አባወራው ገበያ ሄዷል፤ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ተቀበለችን። ስሟን ጠይቄ ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ እርጎ ፈስሶበት አይነበብም። ሕፃኑ ያስለው ነበር። ቦንቱ ነርስ መሆኗን ኦቦ ዲንቃ አልተናገሩም፤ እሷ ራሷ ሳሉን እንደሰማች ሕፃኑን ተቀበለችና ልብሱን ገልጣ ትንፋሹን ቆጠረች። በእኔ ሰዓት ነው የቆጠረችው። ሁለት ጊዜ ቆጥራ፣ «ደህና ነው፤ ጉንፋን ነው፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ሳትውይ ጤና ኬላ ውሰጂው» አለቻት። እኛ በዚህ መካከል ቆሎ በላን። እርጎው የመጣው ለቦንቱ ነው፤ ጴንጤ ስለሆነች ዓርብ አትጾምም። አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ወጣን።

ስድስት ሰዓት ከአስር ላይ አራተኛው ቤት ደረስን። እዚህ ላይ ኦቦ ዲንቃ ከሁሉም ይበልጥ ፈርተው ነበር። ባለቤቱ ኦቦ በዳዳ መንገዱ የእንሰት ጓሯቸውን ስለሚቆርጥ አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ ብለው የቆዩ ሰው ናቸው። ከአጥሩ ገና ሳንደርስ የሥጋ ሽታ መጣ። ኦቦ በዳዳ በግ አርደዋል። እሳቸውም ጴንጤ ናቸው፤ ቀኑ ዓርብ መሆኑን አላሰቡትም።

ከአምስታችን የምትበላው ቦንቱ ብቻ ናት። ኦቦ በዳዳ ትሪውን አስቀምጠው ዞር ዞር ብለው አዩን።

«ምነው፣ በጉ ምን አደረጋችሁ?»

«ኦቦ፣ ዓርብ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው።

ኦቦ በዳዳ ወደ ኦቦ ዲንቃ ዞሩ። «ውሻ እሰር ከምትለኝ ዓርብ መሆኑን አትነግረኝም ነበር?» አሏቸው። ሚስታቸውን ጠርተው ሽሮ አስጣዱ። ተሾመ አያስፈልግም፣ ጠግበናል አለ። ኦቦ በዳዳ፣ «እኔ አጥሬን ያፈረስኩት ሰው ቤቴን አልፎ እንዲሄድ ነው? ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። ትሪው ተሾመ አጠገብ ስለነበር ደጋግሞ ያየዋል። ቦንቱ፣ «ተሼ፣ ማንም አያይህም» አለችው። እትዬ ብርቄ፣ «እኔ አያለሁ» አሉ። ሽሮው ሲደርስ በላን። ከዚያ ኦቦ በዳዳ ራሳቸው ከእንሰቱ መካከል የሚያልፈውን መንገድ አሳዩን፤ ዝናብ ሲመጣ እንዳይሸረሸር ግራና ቀኙን ድንጋይ ደርድረውበታል። ይህን ኦቦ ዲንቃም አላወቁም ነበር። የወጣነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሐይቁ ዳር ሰባት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ደረስን። እትዬ ብርቄ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ አስገቡ። ውሃው ቀዝቃዛና ዝም ያለ ነው፤ አምቦ ምንጫችን ሲፈላ ለምናየው ሰዎች እንዲህ ያለ ውሃ የተረሳ ይመስላል። ተሾመ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝ። ቅጹ ላይ «ከመነሻ እስከ መድረሻ የፈጀው ጊዜ» ይላል፤ ከፊቱ አንድ ክፍት ቦታ ብቻ አለ።

«የእግሩን ብቻ ጻፍ» አለች ቦንቱ። «ያ ነው መንገዱ።»

«ቅጹ የፈጀው ጊዜ ነው የሚለው» አለ ተሾመ። ደስ ብሎት አልነበረም የሚናገረው።

«ፈረንጅ ሲመጣ በግ አይታረድለትም» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ይታረድለታል» አሉ ኦቦ ዲንቃ። ከዚያ ከእኛ ራቅ ብለው ከጀልባ ቀዛፊ ጋር ሰላምታ ጀመሩ።

እኔ በክፍት ቦታው ላይ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ። በወረቀቱ ጀርባ የእያንዳንዱን ቤት መግቢያና መውጫ ዘርዝሬ፣ የእግር ጉዞው ብቻ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት መሆኑን አስቀመጥኩ። ተሾመ ጀርባውን እያየ፣ «ጀርባ የሚያነብ ሰው የለም» አለ። አራታችንም ፈረምን።

በመኪናው መንገድ በፈረስ ወጥተን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ኦቦ ዲንቃ ቤት ተመለስን። ጫልቱ ደጅ ላይ ነበረች። አባቷን ሳይሆን እኔን ነው የጠየቀችው።

«ስንት ሆነ?»

ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረችና፣ «ቆማችሁ ነበር?» አለች።

«እየበላን ነበር።»

«አራቱም ቤት?»

«አራቱም።»

ወደ ቤት ገብታ ራት ማቅረብ ጀመረች። በላን ልንላት አልደፈርንም።

ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ የአምቦ ገበያ ስለሆነ አይሱዙው በጠዋት ተነሣ። ኦቦ ዲንቃ አንድ አንድ ጭብጥ የማር እንጀራ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡን። ለእኔ ሲሰጡኝ፣ «ሰዓትህ ትክክል ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉኝ። ማሩን ተቀብዬ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ አልኩ። ማሩ ድንቹ ላይ ፈስሶ ጆንያ አበላሸ፤ ሾፌሩ በጣቱ እየቀመሰ ይቅር አለን። አምቦ ስንገባ ሙቀቱ፣ የባጃጁ ጩኸትና የገበያው አቧራ አንድ ላይ ተቀበሉን። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ሱቄን ከፈትኩ።

መልሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጣ። መንገዱ ከአራት ሰዓት በላይ ስለፈጀ አልተፈቀደም። ኦቦ ዲንቃ ለአራቱ ቤቶች ምክንያቱን አልተናገሩም፤ የአምቦ ሰዎች እግራቸው ከብዶ ዘገዩ ብለዋቸዋል። በተለይ ሰዓት ሠሪው ብለዋል አሉ። ይሁን። ግብዣቸው ነው መንገዱን የጣለው ተብሎ ከሚነገራቸው የእኔ እግር ቢከሰስ ይሻላል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ይህን አያንሣባቸው።

ከዚያ ወዲህ ተሾመ ደጋግሞ ተሟግቶ አንድ ነገር አስገኝቷል። በጉዞው ላይ የነበሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው ያስታወሱትን ለየብቻ ጽፈው ከፈረሙ፣ ጉዳዩ እንደገና ይታያል ተብሏል። ባለፈው ሳምንት ጫልቱ ሱቄ መጥታ ነበር። ለፓስፖርት የተነሣችውን አራት ጉርድ ፎቶግራፍ በፖስታ ይዛለች። የፓስፖርቱን ቅጽ ገና እንዳላስገባች ነገረችኝ፤ እስከ መቼ እንደምትጠብቅ አልነገረችኝም።

የእኔ ምስክርነት ይህ ከላይ የጻፍኩት ነው፤ ጉድለት እንዳለበት አውቃለሁ። እትዬ ብርቄ፣ ኦቦ ቱፋ ቤት ምግቡ ካለቀ በኋላ ምርቃቱ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ እርስዎ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ነበር፤ ይጻፉት። ቦንቱ፣ በሦስተኛው ቤት ከአርባው ደቂቃ ለሕፃኑ የሄደው ስንት ነው? የእናቱንም ስም ካስታወስሽ ጨምሪልኝ። ተሾመ፣ ከኦቦ በዳዳ ቤት ተነሣን ብዬ የጻፍኩት እንሰቱን አይተን ከጨረስን በኋላ ነው ወይስ ከቤት እንደወጣን? እርግጠኛ አይደለሁም። ከእኔ ጋር የማይስማማ ካላችሁ የእናንተን ጻፉ፤ የእኔን ሰዓት አይታችሁ አታስተካክሉት። ኦቦ ዲንቃ መጻፍ አይችሉም። የእሳቸውን ጫልቱ ትጻፍላቸው፤ ገና አልሄደችም።